ዶን ኪሆቴ የሸጠው መሬት

ዶን ኪሆቴን መጀመሪያ ያነበብሁት ተማሪ ሳለሁ፣ ሽፋኑ በተገነጠለ የእንግሊዝኛ ትርጉም ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ የላ ማንቻው ሰውዬ ገና ጦሩን ሳያነሣና ለፈረሱ ስም ሳያወጣለት፣ የፈረሰኝነት ገድል የሚተርኩ መጻሕፍት ለመግዛት ብሎ የእርሻ መሬቱን እንደ ሸጠ ይነገረናል። የእኔ መጽሐፍ «ብዙ ኤከር መሬት» ይል ነበር። አንብቤ ሳቅሁና አለፍሁ። የምሳውን ገንዘብ ለመጽሐፍ አውሎ ጦሙን የዋለ ተማሪ፣ ቀልዱ ስለ ራሱ መሆኑን ለማወቅ አይቸገርም።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ስፓንኛ ተምሬ፣ ያንኑ ምዕራፍ ለራሴና ለጥቂት ወዳጆቼ ወደ አማርኛ ለመመለስ ስቀመጥ ግን በገጹ ላይ ኤከር የሚባል ነገር አልነበረም። ያለው ቃል «አኔጋ» ነው፤ በኋላ ዘመን አጻጻፍ «ፋኔጋ»። መዝገበ ቃላቱን ገለጥሁ። ፋኔጋ የመሬት ስፋት ከመሆኑ በፊት የእህል መስፈሪያ ነው፤ በካስቲያ ልክ 55 ሊትር ተኩል ይይዛል። የመሬት መለኪያ የሆነው በዘሩ በኩል ነው፤ አንድ ፋኔጋ ስንዴ የሚዘራበት እርሻ ራሱ አንድ ፋኔጋ ተባለ። እንግዲህ ሰውዬው ስፋት ብቻ አልሸጠም። የሸጠው ዘር ነው፤ የሸጠው እንጀራ ነው። እያንዳንዱን መጽሐፍ በሚመጣው ዓመት አዝመራ እየለወጠ ነበር የሚያነበው። «ኤከር» የሚለው ቃል ይህን ሁሉ ውጦት ኖሯል።

ያን ቀን ትርጉሙን አቁሜ ስለ ስፔን ጥንታዊ ሚዛኖችና መስፈሪያዎች ማንበብ ጀመርሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ከዚያ ንባብ የተረፈኝን ነው፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ከሰው አካል ይጀምራል። «ፑልጋዳ» ማለት የአውራ ጣት ልክ ነው፤ «ፓልሞ» ስንዝር፣ «ፒዬ» እግር፣ «ኮዶ» ክንድ። የእነዚህ ሁሉ ጌታ «ባራ» ነው፤ 3 እግር፣ ወይም 4 ስንዝር፣ ወይም 36 አውራ ጣት፤ በዛሬው ልክ 83 ሴንቲ ሜትር ከስድስት ሚሊ ሜትር ገደማ። ጨርቅ ሻጩ በባራ ይለካል፤ ግንበኛውም በባራ ይለካል። ከአካል ቀጥሎ ድካም ይመጣል። «ሌጓ» ሰው በአንድ ሰዓት በእግሩ የሚሄደው መንገድ ነው፤ ከ5 ኪሎ ሜትር ተኩል ጥቂት ይበልጣል። «ኦብራዳ» ጥንድ በቅሎ ወይም በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነው፤ ጥማድ የሚለውን ቃል ለሚያውቅ የአገራችን አንባቢ ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በሚዛን በኩል 16 «ኦንሳ» አንድ «ሊብራ» ይሆናል፤ እርሱም 460 ግራም ነው። 25 ሊብራ አንድ «አሮባ»፣ 4 አሮባ አንድ «ኪንታል» ነው፤ 46 ኪሎ ግራም።

ይህ ግን የካስቲያ ልክ ነው። ከተማ በተለወጠ ቁጥር ልኩም ይለወጣል። በበርጎስ 83 ሴንቲ ሜትር ከምናምን የሆነው ባራ ሳራጎሳ ሲደርስ ወደ 77 ያጥራል፤ ቫሌንሲያ ሲደርስ ከ90 በላይ ይረዝማል። 460 ግራም የነበረው ሊብራ በፓምፕሎና 372፣ በሳራጎሳ 350፣ በባርሴሎና 400 ግራም ነው። ነጋዴ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ሲሻገር ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ክንዱንም መመንዘር ነበረበት ማለት ነው።

በፒሬኔ ተራሮች ግርጌ ባለችው በጃካ ከተማ አንድ ጥንታዊ ካቴድራል አለ። በደቡቡ በር አጠገብ፣ በድንጋዩ ላይ፣ የከተማይቱ ባራ ተቀርጾ ዛሬም ይታያል። ጨርቅ ገዝታ የተጠራጠረች ሴት ጨርቋን ይዛ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ትሄዳለች፤ በድንጋዩ ላይ ዘርግታ ትለካለች። ድንጋዩ አያደላም፤ ዝምድናም አይቆጥርም። ስለዚህ ድንጋይ ባነበብሁ ጊዜ አያቴ ትዝ አለችኝ።

አያቴ በልጅነቷ ያየችውን ደጋግማ ትነግረን ነበር። የመሬቱ ባለቤት ሁለት ቁና ነበረው ትላለች፤ አንዱ የሚያበድርበት፣ ሌላው የሚቀበልበት። ለዓይን አንድ ናቸው፤ ልዩነታቸውን የሚያውቀው በትከሻው ተሸክሞ የሚያደርሰው አባቷ ነው። የሚያበድርበት ቁና አፉ ላይ በእጅ ተጠርጎ ይሰጣል፤ የሚቀበልበት ግን ከአፉ በላይ ተቆልሎ፣ እህሉ በዙሪያው እስኪፈስ ድረስ ይሞላል። የፈሰሰውም የባለ መሬቱ ነው። «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» የሚለውን ተረት አያቴ ስትናገረው ምክር አይመስልም ነበር፤ ያልተከፈለ ዕዳ የምትቆጥር ይመስለኝ ነበር።

የስፔን ገበሬም ይህንኑ ያውቀው ነበር። በሰሜን ምዕራብ፣ በጋሊሲያ፣ እህል «ተቆልሎ» ወይስ «ተጠርጎ» እንደሚሰፈር መለየት ትልቅ ጉዳይ ነበር፤ በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ቤተሰብ የሳምንታት ቀለብ ሊሆን ይችላልና። የመስፈሪያውን አፍ ጠርጎ የሚያስተካክለውን ዱላ «ራሴሮ» ይሉታል። እስከ ዛሬ ድረስ ስፓንኛ ተናጋሪ ሰው ሳያዳሉ መፍረድን «በአንድ ራሴሮ መስፈር» ብሎ ይጠራዋል። ዱላው ከገበያ ጠፍቷል፤ ፍትሑ ግን በንግግር ውስጥ እየተፈለገ ነው።

ነገሥታቱ ዝም አላሉም። አልፎንሶ 10ኛ በ1261 ሚዛኑንና መስፈሪያውን አንድ ለማድረግ አዘዘ። ንግሥት ኢሳቤልና ንጉሥ ፈርናንዶ በ1496 እህል በአቢላ ልክ፣ ወይን በቶሌዶ ልክ ይሰፈር አሉ። ፊሊፔ 2ኛ በ1568 የበርጎስ ባራ የሁሉ ባራ ይሁን አለ። ካርሎስ 4ኛ በ1801 ይህንኑ ሁሉ እንደ ገና አዘዘ። አንድ ትእዛዝ ከአምስት መቶ ዓመታት በላይ እየተደጋገመ ከታዘዘ፣ የሚነግረን ስለ ታዛዦቹ ነው። መስፈሪያ ትንሽ ነገር አይደለም፤ በእጁ የያዘው ሰው ግብሩን ሳይጨምር ግብር መጨመር ይችላል፤ ቁናውን ማስፋት ብቻ ይበቃዋል። እንዲህ ያለውን መብት በፈቃዱ የሚለቅ ጌታ ብዙ አይገኝም።

አሁን ወደ ዶን ኪሆቴ ደራሲ እንመለስ። ሚጌል ዴ ሰርባንቴስ ፋኔጋን የሚያውቀው ከመጽሐፍ አልነበረም። በ1587፣ አርባ ዓመት በሞላው ጊዜ፣ ንጉሡ በእንግሊዝ ላይ ለሚያዘምተው የመርከብ ጦር ስንቅ የሚሰበስብ ሹም ሆኖ በአንዳሉሲያ ተመደበ። ሥራው በየመንደሩ እየዞሩ ስንዴና ገብስ በፋኔጋ፣ የወይራ ዘይት በአሮባ እየሰፈሩ መውሰድ ነበር። ክፍያው ብዙ ጊዜ ተስፋ ብቻ ነው። ኤሲኻ በምትባል ከተማ የቤተ ክርስቲያን ስንዴ በመውሰዱ ተወገዘ። በ1592 ከስንዴው ጋር በተያያዘ ክስ ካስትሮ ዴል ሪዮ ላይ ለጥቂት ጊዜ ታሰረ፤ በ1597 ደግሞ፣ ግብር ሰብሳቢ ሆኖ ሳለ በጎደለ ሒሳብ ምክንያት ሴቢያ ወህኒ ገባ። መጽሐፉ በእስር ቤት እንደ ተፀነሰ ራሱ በመቅድሙ ይጠቁማል።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው፣ «ብዙ ፋኔጋ መሬት ሸጦ መጽሐፍ ገዛ» ብሎ የጻፈው። በሰው ጎተራ ደጃፍ ቆሞ፣ የገበሬውን ዓይን እያየ፣ ፋኔጋ የቆጠረ ሰው ነው። የቃሉን ክብደት ከእርሱ ይልቅ የሚያውቅ ደራሲ በዚያ ዘመን ነበር ብዬ አላምንም።

መጽሐፉን ከዚህ በኋላ ሳነብ ፋኔጋውና አሮባው ከየገጹ ይጠሩኝ ጀመር። ሳንቾ ፓንሳ የጌታውን ደብዳቤ ለውቢቱ ዱልሲኔያ አደረስሁ ብሎ ሲዋሽ፣ ዶን ኪሆቴ ምን ስትሠራ አገኘሃት ይለዋል፤ ሉል ስትሰካ ወይም ወርቅ ስትጠልፍ ነበር የሚል መልስ ይጠብቃል። ሳንቾ ግን በግቢዋ ውስጥ ሁለት ፋኔጋ ስንዴ ስትነፋ አገኘኋት ብሎ ይመልሳል። ጌታው አይደናገጥም፤ እጇ የነካው ስንዴ ሉል ሆኗል ማለት ነው ብሎ ያልፈዋል። ሁለት ፋኔጋ ስንዴ ከ80 ኪሎ በላይ ነው። ሳንቾ ሲዋሽ እንኳን በትክክል ይሰፍራል፤ ውሸቱን እውነት ያስመሰለውም ልኩ ነው። በእነዚህ በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለው ርቀት ሁሉ በዚህች ሁለት ፋኔጋ ውስጥ ተሰፍሯል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሌላም ነገር አለ። ፋኔጋ የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ነው። አሮባም ዐረብኛ ነው፤ «ሩብ» ማለት ነው፤ የኪንታል አንድ አራተኛ። የፋኔጋ አንድ አሥራ ሁለተኛ የሆነው «ሰለሚን»፣ አሥራ ሁለት ፋኔጋ የሚይዘው «ካይስ»፣ የወይን መስፈሪያው «አሱምብሬ»፣ የኦንሳ አንድ አሥራ ስድስተኛ የሆነው «አዳርሜ» ሁሉ ዐረቦች በ711 ወደዚያ ምድር ከተሻገሩ በኋላ የተተከሉ ቃላት ናቸው። የመጨረሻይቱ የሙስሊሞች ከተማ ግራናዳ በ1492 ወደቀች። የእነዚያ ሙስሊሞች ልጆች በግድ ተጠምቀው «ሞሪስኮ» ተብለው ኖሩ፤ ከ1609 እስከ 1614 ባሉት ዓመታትም ፊሊፔ 3ኛ ወደ 300,000 የሚሆኑትን ከአገር አስወጣቸው። ይህ የሆነው የዶን ኪሆቴ የመጀመሪያው ክፍል በወጣበት በ1605ና ሁለተኛው በወጣበት በ1615 መካከል ነው።

ሰዎቹ በመርከብ ተጭነው ሄዱ። መስፈሪያዎቻቸው ግን ቀሩ። ሞሪስኮውን አሳልፎ የሰጠ ጎረቤት በማግሥቱ ገበያ ወጥቶ ስንዴውን በሞሪስኮው አያቶች ቃል ሰፈረ። ሰርባንቴስ ይህን ልብ ያለው ይመስለኛል፤ መጽሐፉን በሙሉ የጻፈው ሲዴ አሜቴ የሚባል ዐረብ ታሪክ ጸሐፊ ነው እያለ የሚቀልደው በከንቱ አይደለም። በሁለተኛው ክፍል፣ ከስደቱ በኋላ፣ አንድ ሪኮቴ የሚባል ሞሪስኮ ተደብቆ ወደ መንደሩ ሲመለስ ከቀድሞ ጎረቤቱ ከሳንቾ ጋር ተቃቅፎ ይበላል፤ ይጠጣል። ቃሉን ከሰዎቹ ጋር ማባረር ያልቻለ አዋጅ፣ ፍቅሩንም ማባረር አልቻለም።

በዚያው በሁለተኛው ክፍል መጨረሻ ገደማ የምወደው ትንሽ ችሎት አለ። አሥራ አንድ አሮባ የሚመዝን ወፍራም ሰው፣ አምስት አሮባ ብቻ የሚመዝን ጎረቤቱን እንሽቀዳደም ብሎ ይገጥመዋል። ክብደታችን ይተካከል ዘንድ፣ ቀጭኑ ስድስት አሮባ ብረት ይሸከም ይላል ወፍራሙ። የመንደሩ ሰው መፍረድ አቅቶት ሳንቾን ይጠይቃል። ሳንቾም፣ ግጥሚያውን የጠራው ወፍራሙ ነውና ከገዛ ሥጋው ስድስት አሮባ ቆርጦ ይጣል፤ ያን ጊዜ አምስት ለአምስት ይሆናሉ ብሎ ይፈርዳል። አሥራ አንድ አሮባ ወደ 126 ኪሎ ተኩል ነው። ሕዝቡ ይሥቃል፤ እኔም እሥቃለሁ። ነገር ግን የአያቴን ሁለት ቁና ላስታወሰ ሰው ፍርዱ ቀልድ ብቻ አይደለም። የበዛለት ሰው ለእኩልነት ብሎ ሸክሙን ሁልጊዜ ወደ ቀጭኑ ትከሻ ሲያሻግር፣ አንድ ያልተማረ ገበሬ ተነሥቶ «ካንተ ይቆረጥ» አለ።

ከእነዚህ መለኪያዎች ሁሉ ግን እጅግ ያስገረመኝ ከውቅያኖስ ማዶ ያገኘሁት ነው። ስፔኖች አሜሪካን በወረሩበት በ16ኛው ክፍለ ዘመን መሬት ለወታደሮች ይታደል ነበር። ለእግረኛው የሚሰጠው ትንሽ ድርሻ «ፔዮኒያ» ተባለ። ለፈረሰኛው የሚሰጠው ሰፊ ድርሻ «ካባዬሪያ» ተባለ። ካባዬሪያ! ዶን ኪሆቴ ፋኔጋዎቹን ሸጦ የገዛቸው የፈረሰኝነት መጻሕፍት በስፓንኛ ስማቸው ይኸው «የካባዬሪያ መጻሕፍት» ነው። የላ ማንቻው ምስኪን ካባዬሪያ ብሎ ያነበበው መበለትን ስለ መጠበቅና የተገፋን ስለ መርዳት ነበር፤ በዚያው ዘመን፣ በዚያው ቃል፣ በባሕር ማዶ የሌላው ሕዝብ እርሻ እየተቆረሰ ይለካ ነበር። አንዱ ለካባዬሪያ ሲል መሬቱን አጣ፤ ሌላው በካባዬሪያ ስም መሬት አገኘ። ልኩ ዛሬ በኩባ 13 ሄክታር ከምናምን፣ በጓቴማላ 45 ሄክታር ገደማ ነው።

ይህን ሳነብ ብዕሬን አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ። እኛም የወታደሩን የመከላከያ ዕቃ የመሬት መለኪያ አድርገን «አንድ ጋሻ መሬት» ስንል ኖረናልና፤ እርሱም 40 ሄክታር ያህል ነው። ፈረሱና ጋሻው፣ ሳይተያዩ፣ በሁለት ዳርቻ አንድ ታሪክ ጽፈዋል።

የመጨረሻው ምዕራፍ የሜትር ነው። ሜትርና ኪሎ ግራም በፓሪስ ሲወሰኑ፣ በ1798ና በ1799 በተደረገው ጉባኤ የስፔን ሊቃውንትም ተቀምጠው ነበር። በንግሥት ኢሳቤል 2ኛ ዘመን፣ በ1849፣ ስፔን አዲሱን ሥርዓት በሕግ ተቀበለች፤ በ1852 የየአውራጃው አሮጌ ልክ ከአዲሱ ጋር የሚመዛዘንበት ሠንጠረዥ ታተመ። በሁሉ ዘንድ ግዴታ የሆነው ግን በ1880 ነው። በ1875 የሜትር ስምምነት ሲፈረም የተቋቋመው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ የመጀመሪያ ሊቀ መንበርም ካርሎስ ኢባኜስ የሚባል ስፔናዊ ነበር። አምስት መቶ ዓመት ነገሥታቱን ያደከመው ነገር በመጨረሻ ተፈጸመ።

አዝናለሁን? አላዝንም። ኪሎ አይቆለልም፤ አይጠረግም። የአያቴ አባት በኪሎ መዝኖ የሚያስረክብበት ዘመን ቢደርስለት ኖሮ በትከሻው የተሸከመውን ልዩነት ወደ ቤቱ ይመልሰው ነበር። አሮጌውን መለኪያ ውብ ነው እያሉ የሚያዝኑለት ብዙውን ጊዜ በእርሱ ያልተሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ልኩ ሲሻር ምስክሩም አብሮ እንዳይሻር እፈራለሁ። ኪሎ ግራም ስለ ማንም አይናገርም፤ ፋኔጋ ግን ስለ ዘሪው፣ ስለ ሞሪስኮውና ስለ ግብር ሰብሳቢው ይመሰክራል።

ደግነቱ ቃላት እንደ ሰዎች በአዋጅ አይሄዱም። ኮስታ ሪካ ውስጥ የቡና ምርት ዛሬም በፋኔጋ ይቆጠራል፤ ለቃሚው የሚከፈለው ግን 20 ሊትር በሚይዘው «ካኹዌላ» ነው፤ 20 ካኹዌላ እሸት ቡና አንድ ፋኔጋ ይሞላል፤ ከእርሱም አንድ ኪንታል፣ 46 ኪሎ የተፈለፈለ ቡና ይወጣል ተብሎ ይታሰባል። ከእኛ ምድር የወጣ ፍሬ ነው በእነርሱ ፋኔጋ የሚሰፈረው። ኪንታልስ ቢሆን እንግዳችን ነውን? ከላቲን «መቶ» ተነሥቶ፣ በግሪክና በዐረብ ገበያ አልፎ፣ ወደ አውሮፓ ተመልሶ፣ በመጨረሻ ወደ እኛ የገባው «ኩንታል» እርሱ ራሱ ነው፤ እኛ ዘንድ መቶ ኪሎ ሆነ እንጂ። ኦንሳ ደግሞ የወርቅ ሻጮቻችን የ«ወቄት» የሥጋ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም ከአንድ የላቲን ቃል ወጥተው፣ አንዱ በቀጥታ ስፔን ሲቀር፣ ሌላው በግሪክና በዐረብ አፍ ዞሮ እኛ ዘንድ ደረሰ። ከብዙ መቶ ዓመታት ጉዞ በኋላም ሁለቱ ሲመዘኑ 28 ግራም ገደማ ላይ ይገናኛሉ።

እናንተም፣ አንባቢዎቼ ሆይ፣ ሳታውቁት አሮባ ትጽፋላችሁ። በኢሜይል አድራሻ መካከል የምትገባው፣ ጅራቷ የከበባት ምልክት በስፓንኛ ስሟ «አሮባ» ነው። በጥንት ነጋዴዎች መዝገብ የሚዛን ምልክት ሆና ስታገለግል ቆይታለች፤ በ1971 ሬይ ቶምሊንሰን የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ የተጠቃሚን ስም ከኮምፒዩተሩ ስም ለመለየት መረጣት። ከስፔን የተባረረው ሰው «ሩብ» ያለው ቃል፣ እነሆ፣ በየዕለቱ ደብዳቤ ይዞ ዓለምን ይዞራል።

ትርጉሜን ከዚህ ሁሉ በኋላ ቀጠልሁ። ያቺን ዐረፍተ ነገር በምን እንደምመልሳት ግን ብዙ ሌሊት ተሟገትሁ። «ሄክታር» ብል ያው ኤከር ነው፤ ዘሩ ይጠፋል። «ጥማድ» ብል ለአማርኛ ይጣፍጣል፤ ነገር ግን ጥማድ የበሬውን ድካም እንጂ የዘሩን ልክ አይነግረኝም፤ ላ ማንቻንም ጎጃም ያደርግብኛል። «ጋሻ» ብል ድሃው ሰውዬ ባለ ርስት ይሆንብኛል፤ ገና ያላነሣውንም ጋሻ አስቀድሜ አሸጠዋለሁ።

በመጨረሻ «ፋኔጋ» ብዬ እንዳለ ጻፍሁት። ከሥሩ ማብራሪያ አላስቀመጥሁም። አንድ ወዳጄ ረቂቁን አንብቦ፣ «ይህ ፋኔጋ የምትለው ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ቡና አፍልቼ ከጃካው ድንጋይ ጀምሬ ነገርሁት፤ እስከ አያቴ ሁለት ቁና ድረስ። ሲመሽ ተነሣና፣ «ሰውዬው መሬቱን ርካሽ አልሸጠም» ብሎኝ ሄደ።